ባለቤቴ የምክር ቤት አባል ነው፤ ይህን ሥራ ልያዘው ወይስ ልተወው?

ልብስ ሰፊዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። አምስት የስፌት መኪና ያላት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ባለፈው ሳምንት ከአንድ መሥሪያ ቤት አንድ ሰውዬ መጣ። ለጥበቃና ለጽዳት ሠራተኞች 180 ደንብ ልብስ እንፈልጋለን፣ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ስጪን አለኝ። ማህተሜን ላወጣ መሳቢያ ስከፍት፣ «ሌሎቹን ሁለት ፕሮፎርማ እኛ እናመጣለን፤ ዋጋውንም እንነግርሻለን» ብሎ ፈገግ አለ።

ባለቤቴ ከመመረጡ በፊት እዚያው መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ ተወዳድሬ ወድቄያለሁ። ጨርቁ ያው፣ ስፌቱ ያው። አሁን ምን ተገኘ?

ማታ ለባለቤቴ ብነግረው «ሥራሽ ነው፣ እኔን ምን አገባኝ» አለ። በእህቴ ስም ባደርገውስ?

ሸገር ልጅ፦
ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል አልሰማሽም እንዴ? ሌላው ፎቅ ሲሠራ አንቺ በካኪ ጨርቅ ትጨነቂያለሽ። ያዢው!

የቀድሞ ግዢ ሠራተኛ፦
እህቴ፣ የእሱን ምክር እንዳትሰሚ። ግዢ ክፍል 11 ዓመት ሠርቻለሁ። አንዴ ሦስት የተለያዩ ሱቆች ፕሮፎርማ ላይ «ካፖርት» የሚለው ቃል በአንድ ዓይነት ስህተት ተጽፎ አግኝቻለሁ። ሦስቱንም የጻፈው አንድ እጅ ነዋ! ኦዲተር ሲመጣ እንዲህ ያለችውን ነገር ነው የሚይዘው። ያኔ ሰውዬው ዞር ይላል፤ ማህተሙ የአንቺ ነው።

በእህትሽ ስም ማድረጉ ደግሞ ይብሳል። ጥፋት መሆኑን አውቀሽ መደበቅሽን ራስሽ ጻፍሽ ማለት ነው።

ባለቤትሽም «ምን አገባኝ» ማለት አይችልም። በአዋጅ 668/2002 መሠረት ተመራጭ የራሱን ብቻ ሳይሆን የትዳር ጓደኛውንና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆቹን ሀብት ጭምር ያስመዘግባል፤ በየሁለት ዓመቱም ያድሳል። ሱቅሽም በሀብት ማስመዝገቢያው ቅጽ ላይ መኖር አለበት። ነገ ገንዘቡ አብጦ ከየት መጣ ሲባል፣ ምንጩ ያልታወቀ ንብረት ይዞ መገኘት በሕግ ያስጠይቃል።

በግልጽ ጨረታ፣ ፖስታው ተወዳዳሪዎች ፊት ተከፍቶ ብታሸንፊ ሌላ ነገር ነው። እኔ ብሆን ግን የባለቤቴ ምክር ቤት በሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ጨርሶ አልወዳደርም። የግል ትምህርት ቤትና ሆቴል ሞልቷል አይደል?

ሸገር ልጅ፦
በግል ትምህርት ቤት 180 ልብስ በአንድ ቀን አይታዘዝም፣ ወንድሜ።

ልብስ ሰፊዋ፦
ለሰውዬው ደውዬ አልችልም አልኩት። «እንዳሻሽ» ብሎ ዘጋው፤ ሌላ እንደሚያገኝ ገባኝ። አናደደኝ፣ አልዋሽም። የጥቅምት ኪራይ ገና አልተከፈለም።

ከዚያ ባለቤቴን ስለ ቅጹ ጠየቅሁት። ቤቱንና የባንክ ሂሳቡን ሞልቷል፤ የስፌት መኪኖቼ የሉበትም። «ረስቼው ነው» አለ። ሰባት ዓመት ሙሉ በየማታው ድምፃቸውን እየሰማ! አሁን ለእርማቱ ደረሰኝ እየፈለግን ነው። የአራቱ ተገኝቷል፤ የኦቨርሎኩ (የጨርቅ ጠርዝ መስፊያው) ጠፍቷል።