የቤታችንን ችግር አፕሊኬሽኑ ላይ የት ልጻፈው?

ሰላም ናችሁ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው፣ 12ኛ ክፍል ነኝ፣ በኮመን አፕ (ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ቅጽ የሚያመለክቱበት ድረ ገጽ) ነው የማመለክተው፣ ዴድላይኔ ጃንዋሪ 1 ነው። አምና አባቴ ኩላሊቱ ደክሞ ዳያሊስስ (ደሙን በማሽን ማጣራት) ጀመረ፣ በሳምንት 3 ቀን፣ አንዱ 4 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ እማዬ ደብል ሺፍት ስለምትሰራ ታናሽ ወንድሜን ከትምህርት ቤት ማምጣት፣ ማብላት፣ ሐኪሞቹ የሚሉትን ለአባቴ ማስተርጎም ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ (ክሬቲኒን የሚባለው የኩላሊት ምርመራ ቁጥር ምን እንደሆነ ራሴ ሳላውቅ ለሱ ማስረዳት ነበረብኝ)። እስከ 10ኛ "A" ብቻ የነበረው ትራንስክሪፕቴ (የውጤት ወረቀቴ) ላይ 11ኛ ክፍል ኬሚስትሪና ፕሪካልኩለስ "C" ሆኑ።

መጀመሪያ ስለራሴ የምጽፈውን የ650 ቃል ኤሴ (ድርሰት) በሙሉ ስለዚሁ ጻፍኩት። የትምህርት ቤቴ አማካሪ (ካውንስለሬ) አንብባ "አባትሽን በደንብ አወቅኩት፣ አንቺን ግን አላየሁሽም" አለችኝ፣ እውነቷን ነው። ከዛ አፕሊኬሽኑ ላይ ችግር ለማስረዳት ወደተሰጠው የ250 ቃል ቦታ አሳጥሬ አዛወርኩት፣ አሁን ደሞ የሐኪም ወረቀት መሰለ፣ ቀንና ቁጥር ብቻ። እማዬ ስትሰማ "የቤታችንን ገመና ለማናውቀው ሰው?" ብላ አዘነች፣ እሷን ማስከፋት አልፈልግም ግን ዝም ካልኩ ውጤቱን የሚያየው ሰው ሰነፍ ናት ነው የሚለው።

እንዲህ ያለ ነገር ጽፋችሁ ያመለከታችሁ ልጆች፣ የአባቴን ህመም 250 ቃሉ ላይ ብቻ ጽፌ ኤሴውን ስለማስተርጎሙ ባደርገው ይሻላል ወይስ ህመሙ ሁለቱም ቦታ መነሳት አለበት?