ክርክር፦ ለካናቢስ የዕድሜ ገደብ ብቻ ይበቃል ወይስ የጥንካሬ ጣሪያም ያስፈልጋል?

አወያይ፦ የአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላው ሰው ካናቢስ (ማሪዋና) እንዲገዛና እንዲይዝ ፈቅዳለች። በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ልጆች ለምናሳድግ ኢትዮጵያውያን ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። የካናዳዋ ኩቤክ ግን ዕድሜውን በ2020 ከ18 ወደ 21 ከማሳደጓም ሌላ፣ ቲኤችሲ የተባለው አስካሪ ንጥረ ነገር ከ30 በመቶ በላይ የሆነበት ምርት እንዳይሸጥ ትከለክላለች። እኛስ ምን እንላለን?

የሥነ አእምሮ ነርስ፦ ጣሪያው ያስፈልጋል ባይ ነኝ። በአውሮፓና በብራዚል 11 ቦታዎች ተካሂዶ በ2019 በወጣው ጥናት፣ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ቲኤችሲ ያለውን ካናቢስ በየቀኑ የሚጠቀሙ ሰዎች፣ ፈጽሞ ተጠቅመው ከማያውቁት ይልቅ በሳይኮሲስ የመያዝ ዕድላቸው አምስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። በሳይኮሲስ የተያዘ ሰው የሌለ ድምፅ ይሰማል፤ ቤተሰቡንም ይጠረጥራል።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ፦ እህቴ፣ አኃዙን አልክድም፤ ሆኖም ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸው አንዱ የሌላው መንስኤ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። የማሰብ ችሎታን እንውሰድ። በ2012 የወጣው የኒውዚላንድ ዱነዲን ጥናት፣ ካናቢስ በጉርምስና ጀምረው ለዓመታት በሱስ የቆዩ ሰዎች በአእምሮ ብቃት መለኪያ እስከ 8 ነጥብ ማሽቆልቆላቸውን ሲያሳይ ብዙዎች ደነገጡ። በኋላ ግን መንትዮችን ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች በሚያጨሰውና በማያጨሰው መካከል ያን ያህል ልዩነት አላገኙም፤ በ2018 69 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራም በወጣቶች ላይ የታየው ጉዳት አነስተኛ መሆኑን፣ ከ72 ሰዓት በላይ በታቀቡት ላይ ደግሞ ይበልጥ መቀነሱን ገልጿል።

አንድ አባት፦ እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ልጁ ሲጋራ ሲያጨስ የተያዘበት ወላጅ «ተመስገን፣ ሲጋራ ብቻ ነው» ሲል ሰምቻለሁ። ትምባሆ አእምሮን አይነካም ያለን ማን ነው?

የሥነ አእምሮ ነርስ፦ ልክ ብለዋል ጋሼ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይኮሲስ ከያዛቸው ታካሚዎች 57 በመቶው አጫሾች መሆናቸው በ2015 በታተመ ሥራ ተመዝግቧል፤ መንስኤነቱ ግን ገና ያከራክራል። ብዙ ሰው የማያውቀውን ልጨምር፦ የሲጋራ ጢስ ጉበት ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን የተባሉትን የሳይኮሲስ መድኃኒቶች ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ስለዚህ አጫሹ ታካሚ ከፍ ያለ መጠን ይታዘዝለታል፤ ሆስፒታል ተኝቶ ማጨሱን በድንገት ሲያቆም ደግሞ ያው መጠን በደሙ ውስጥ ይከማችና ራሱን እስኪስት ሊያደነዝዘው ይችላል። «ሲጋራ ያረጋጋኛል» የሚባለውም በአብዛኛው ኒኮቲን ሲጎድል የሚመጣውን መቅበጥበጥ ማስታገስ ነው፤ በ2014 26 ጥናቶችን የገመገመ ሥራ እንዳሳየው ማጨስ ያቆሙ ሰዎች ጭንቀታቸውና ድባቴያቸው ቀንሷል።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ፦ ስለ ትምባሆው እስማማለሁ። ወደ ጥያቄያችን ስንመለስ ግን፣ እርስዎ የጠቀሱት ጥናት አደጋውን ያየው ከ10 በመቶ ጀምሮ ሆኖ ሳለ የ30 በመቶ ጣሪያ ማንን ይጠብቃል? ዝቅ ቢደረግም ገዢው ወደ ጥቁር ገበያ ይሄዳል።

የሥነ አእምሮ ነርስ፦ እንግዲያው በዋጋ ይለይ። ሌላዋ የአሜሪካ ግዛት ኢሊኖይ ቲኤችሲው ከ35 በመቶ በማይበልጠው ላይ 10 በመቶ፣ በሚበልጠው ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ትጥላለች።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ፦ የቀረጡ መስመር ከ35 ወደ 10 ዝቅ ይበል፤ ያኔ እኔም እደግፋለሁ።