ለዘይትም ለስቲምም ለኮስቲክም አንድ አይነት ኦሪንግ ይሆናል ወይ?

ጥገና ክፍል፦
ሰላም ናችሁ፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ። እኛ ጋ ሶስት ቦታ ላይ አንድ ሳይዝ ኦሪንግ (እንዳያፈስ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት) ነው የምንጠቀመው፣ አንዱ ሃይድሮሊክ ፓወር ፓኩ (ዘይቱን በግፊት የሚልከው ክፍል) ላይ ዘይቱ 70 ዲግሪ አካባቢ የሚሆንበት፣ ሁለተኛው ስቲም (እንፋሎት) ቫልቭ ነው 140 ምናምን ይደርሳል፣ ሶስተኛው ደግሞ ታንክ ማጠቢያ ፓምፑ ላይ ትኩስ ኮስቲክ ሶዳ የሚያልፍበት። ስቶር ውስጥ ሁሉም ጥቁር ስለሆነ እየተቀላቀለ አስቸገረን፣ አለቃዬ ደግሞ ቫይተን የሚባለውን ጎማ ብቻ ገዝተን ሁሉም ቦታ እንክተተው፣ 200 ዲግሪ ይችላል፣ ከሁሉም ውድ ነው እያለ ነው። ነገሩ አልተዋጠልኝም ግን የምከራከርበት ነጥብ የለኝም። ምን ትላላችሁ?

ፓምፐኛው፦
አለመዋጡ ልክ ነው። 200 የሚለው ቁጥር ለደረቅ ሙቀትና ለዘይት ነው እንጂ ለስቲም አይደለም፣ ብዙ ሰው ዳታ ሺቱ ላይ ቴምፕሬቸሯን ብቻ አይቶ ይዘጋዋል። የተለመደው ቫይተን ትኩስ ኮስቲክ ሲያገኘው ኮስቲኩ ከጎማው ላይ ሃይድሮጅንና ፍሎሪን እየነጠቀ ይሄድና ጎማው ይጠነክራል፣ ከዛ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ስቲምም አይስማማውም፣ በፐርኦክሳይድ የተሰራ ለስቲም የሚሻል ቫይተን አለ ግን ኮስቲኩ ጋ ስትደርስ እሱም ቢሆን የመጀመሪያ ምርጫ አይሆንም።

ለስቲሙና ለኮስቲኩ ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ ነው የሚሄደው። በደንብ የተሰራ ከሆነ 150 ዲግሪ ስቲም ይችላል፣ ኮስቲኩን ከቁብም አይቆጥረው። ለዘይቱ ኤንቢአር (ናይትራይል ጎማ) በቂ ነው፣ 100 ዲግሪ ድረስ ይሄዳል፣ 70 ላይ ለቫይተን ገንዘብ ማውጣት ትርፉ ምንድነው?

ግን ኢፒዲኤሙ በስህተት ዘይቱ ጋ እንዳይገባ ተጠንቀቅ! ኢፒዲኤም ራሱ ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ ነው፣ ማዕድን ዘይትም እንደዛው ነው፣ ስለሚመሳሰሉ ዘይቱ ጎማው ውስጥ ይሰርጋል፣ ኦሪንጉ አብጦ ግሩቩን (የሚቀመጥበትን ቦይ) ሞልቶ ይወጣል። ኤንቢአር ላይ ያለው አክሪሎናይትራይል ነው ዘይቱን የሚከለክለው፣ መጠኑ ሲጨምር ዘይት ይበልጥ ይቋቋማል ግን ብርድ ላይ ቶሎ ይደርቃል።

ዘይት በዘይት፦
ከላይ ያለው ትክክል ነው ግን "ሃይድሮሊክ ዘይት" ሲባል መጀመሪያ ምን ዘይት ነው ብላችሁ ጠይቁ እንጂ። ማዕድን ዘይት ከሆነ ኤንቢአር፣ አበቃ። እሳት እንዳይይዝ ተብሎ የሚሞላው ፎስፌት ኤስተር ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ ኤንቢአሩ ይበላሻል ኢፒዲኤሙ ይቆማል። የፍሬን ዘይትም እንደዛ ነው፣ ዶት 3 እና ዶት 4 ግላይኮል ስለሆኑ ከኢፒዲኤም ጋር ነው የሚስማሙት፣ ስሙ ዘይት ስለሆነ ብቻ ኤንቢአር የሚከቱ አሉ።

ሌላ፣ ሲሉ (ማሸጊያው) ቆሞ ነው የሚዘጋው ወይስ የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ነው? የሲሊንደር ሮድ ላይ ከሆነ ፖሊዩሬቴን ነው የምመክርህ፣ መፋቅን የሚችለው የለም፣ ግን ትኩስ ውሃ ጋ አታስጠጋው፣ ውሃው ሃይድሮላይዝ አድርጎት (በኬሚካል ሰባብሮት) ይፈረካከሳል። ሲሊከን የሚልህ ካለ ደግሞ ለሚንቀሳቀስ ቦታ እንቢ በል፣ ሙቀትም ብርድም ይችላል ግን በቀላሉ ይቀደዳል።

ጥገና ክፍል፦
አመሰግናለሁ ወንድሞቼ፣ ዘይቱ ማዕድን ነው፣ ኦሪንጎቹም የሚንቀሳቀስ ቦታ ላይ አይደሉም። እሺ ቴፍሎንስ? እሱ ምንም ነገር አይነካውም ይባላል፣ ሁሉም ቦታ ብንከተው አይገላግለንም?

ፓምፐኛው፦
ኬሚካሉን በተመለከተ እውነት ነው፣ ሙቀቱንም 260 ድረስ ይችላል። ችግሩ ቴፍሎን ጎማ አይደለም። ጎማ ስትጫነው መልሶ ይገፋል፣ የሚዘጋው በዛ ግፊት ነው። ቴፍሎን ስትጫነው ቀስ እያለ ይፈስና እንደተጨፈለቀ ይቀራል፣ ስቲም ቫልቩ ሞቆ ሲቀዘቅዝ ክፍተቱን ተከትሎ አይመለስም ስለዚህ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ውስጡ ስፕሪንግ ያለው የቴፍሎን ሲል አለ፣ እሱ ይሰራል፣ ግን ግሩቩም ለሱ ተብሎ መሰራት አለበት፣ የኦሪንግ ቦታ ላይ ዝም ብለህ አትከተውም።

ስቶር ጠባቂ፦
የተቀላቀሉትን ስለመለየት ማንም አላነሳም። ቫይተኑን መለየት አያስቸግርም፣ ሁለት እኩል ሳይዝ እጅህ ላይ ብትይዝ ራሱ ይከብዳል፣ ዴንሲቲው 1.8 አካባቢ ነው ሌሎቹ ከ1.3 ብዙም አያልፉም፣ ሚዛን ካለህ ደግሞ ክርክር የለም። ኤንቢአርና ኢፒዲኤም ግን በክብደትም በአይንም አይለዩም። ከየሳጥኑ አንድ አንድ አውጣና ውፍረቱን በካሊፐር ለክተህ ሞቅ ያለ ሃይድሮሊክ ዘይት ውስጥ አሳድረው፣ ጠዋት ጠርገህ እንደገና ለካው። ያበጠው ኢፒዲኤም ነው። የተሞከረውን ጣለው መልሰህ ሳጥን ውስጥ እንዳትከተው። በቀለምም አትመን፣ ቫይተን ቡናማ ነው አረንጓዴ ነው ይባላል ግን ጥቁርም ይሰራል።

ደግሞ ስትገጥሙ የምትቀቡት ግሪስ! ኢፒዲኤም ላይ ተራውን የማሽን ግሪስ ከቀባህ ዘይት ውስጥ እንደከተትከው ቁጠረው። ሲሊከን ግሪስ ተጠቀም።

ጥገና ክፍል፦
ይሄን አላውቅም ነበር፣ ሁሉም ላይ አንድ ግሪስ ነው የምንቀባው። ከፓወር ፓኩ የወጣውን አሮጌ ኦሪንግ አሁን አየሁት፣ አላበጠም አልደረቀም፣ ግን በአንድ በኩል ዙሪያውን ጠርዙ አይጥ የበላው ይመስላል። ይሄም የማቴሪያል ችግር ነው?

ዘይት በዘይት፦
አይ፣ እሱ ኤክስትሩዥን ነው፣ ፕሬዠሩ ጎማውን ክሊራንሱ (በብረቶቹ መሃል ያለው ክፍተት) ውስጥ እየገፋው ብረቱ ይቆርጠዋል፣ የጎማውን አይነት ብቻ ብትቀይረው ያው ነው። ስንት ባር ነው የሚሰራው? 100 ካለፈና ኦሪንጉ ሾር (የጎማ ጥንካሬ መለኪያ) 70 ከሆነ ወይ 90 አድርገው ወይ ፕሬዠሩ ኦሪንጉን ወደሚገፋበት አቅጣጫ ከኋላው የቴፍሎን ባክአፕ ሪንግ (ደጋፊ ቀለበት) ጨምርለት፣ ቴፍሎኑ እዚህ ጋ ነው የሚጠቅምህ። ግሩቩ ላይ ቦታ መኖሩን ግን መጀመሪያ ለካ፣ ኦሪንጉ ብቻውን እንዲገባ የተሰራ ግሩቭ ጠባብ ሊሆንብህ ይችላል።