ዋንዛው ውስጥ ጎጆ አለ፤ ምን ይሻለኛል?

ሰላም ወገኖች። ጅማ ውስጥ በርጩማ እየሠራሁ ነው የምተዳደረው። ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ የቡና ማሳ አንድ ያረጀ ዋንዛ ገዛሁ። ቀብድ ከፍያለሁ፤ የመቁረጫ ፈቃዱም ወጥቷል። መጋዝ ይዘን ስንሄድ ግንዱ ላይ በጭቃ የተደፈነ ቀዳዳ አየን፤ የቀረው ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ነው። ያ መንቁሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር ያለው ትልቅ ወፍ የሾላ ፍሬ እያመጣ በስንጥቁ ያጎርሳል። ሴቷ ውስጥ ራሷን ዘግታ ታቅፋለች። ጫጩቱ እስኪወጣ ወራት ይፈጃል፤ ፈቃዴ ግን በዚህ ወር ያበቃል። ባለማሳው "አንተ ልጅ፣ ወፍ ፈርተህ ነው?" እያለ ይስቅብኛል። እኔ ግን አንጀቴ እምቢ አለ። ፈቃድ ያስራዘመ አለ? በግራቪሊያ ዛፍ እንጨት በርጩማ የሞከረስ? ይሰነጠቃል ይሉኛል። ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው፣ እባካችሁ።