ሞዴሉ የደምቢያን መስከረም ለምን አያውቅም?

የአዘዞው መምህር፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዘዞ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አባቴ ደምቢያ ገበሬ ናቸው። ሽምብራ የሚዘሩት ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ ዋልካው በያዘው እርጥበት ይበቅላል። ከቸኮሉ ውኃ ይተኛበታል፣ ከዘገዩ መሬቱ ይሰነጠቃል። ባለፈው እሑድ በስልኬ የ2050 እ.ኤ.አ. የሙቀት ካርታ አሳየኋቸው። ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ጣና ላይ አድርገው «ክረምቱ መቼ እንደሚወጣስ ይናገራል?» አሉኝ። መልስ አጣሁ፤ እስካሁን ይከነክነኛል። የመላውን ዓለም ሙቀት አስቀድሞ የሚያሰላ የኮምፒውተር ሞዴል የአንድ ወረዳ መስከረም እንዴት ያቅተዋል?

ባሕር ዳር ነኝ፦
መምህር፣ ነገሩ ያለው ሳጥኑ ላይ ነው። ሞዴሎቹ ምድርን በሳጥን ይከፋፍሏታል፤ የብዙዎቹ ሳጥን ጎኑ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንዱን አምጥተህ እናንተ ጋ አስቀምጠው። ጣና ዳር 1,800 ሜትር ገደማ፣ ጎንደር ከ2,100 በላይ፣ ዳባት ከ2,500 በላይ፤ ሁሉም ተደባልቆ አንድ አማካይ ከፍታ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ተነሥቶ ደምቢያን የሚያጥበው ደመና ደግሞ ስፋቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ሳጥኑ ውስጥ አይታይም። ስለዚህ ደመናው በግምት ቀመር ይተካል፤ ሞዴሎቹ እርስ በርስ የሚለያዩትም በዋናነት እዚህ ላይ ነው። ሳጥኑን በግማሽ እናሳንሰው ብትል፣ የሳጥኖቹ ቁጥር በርዝመትም በስፋትም በእጥፍ ይበዛል፤ ሞዴሉ ከአንድ ስሌት ወደ ሌላው የሚራመድበት ጊዜም አብሮ በግማሽ ማጠር አለበት። ሥራው ስምንት እጥፍ ይሆናል።

ወገራ፦
እንዲህ ከሆነማ የሙቀቱንስ ለምን እናምናለን?

ባሕር ዳር ነኝ፦
የሙቀቱ ጥያቄ ሌላ ስለሆነ ነው። ከፀሐይ ስንት ገባ፣ ወደ ጠፈር ስንት ወጣ የሚል ሒሳብ ነው። የአየር ንብረት ተመራማሪዎቹ ማናቤና ዌዘራልድ በ1967 እ.ኤ.አ. ከአንድ የአየር ዓምድ ብቻ ተነሥተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእጥፍ ቢጨምር ምድር ወደ 2.3 ዲግሪ እንደምትሞቅ አሰሉ። የዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ፓነል የ2021 እ.ኤ.አ. ግምት ለዚሁ እጥፍ ጭማሪ ከ2.5 እስከ 4 ዲግሪ ነው። ክፍተቱን ካሰፉት ዋናው ደመና ነው። የዕለቱ ዝናብ ግን ከመነሻው ጥቃቅን ልዩነት ይከተላል። የአየር ጠባይ ተመራማሪው ሎሬንዝ በ1961 እ.ኤ.አ. ኮምፒውተሩ ላይ 0.506127 በሚለው ፋንታ 0.506 ብሎ ቢያስገባ የአየር ጠባይ ስሌቱ ውሎ አድሮ ፈጽሞ ሌላ ሆነበት። የክረምቱን መውጫ ቀን ከዓመታት በፊት የሚነግርህ ካለ አትመነው።

የአዘዞው መምህር፦
እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ደምቢያ ወርጄ ሳጥኑን በዱላ መሬት ላይ ሣልኩላቸው። ጣናን፣ ቤታችንን፣ ዳባትን በጠጠር አሳየሁ። አባቴ ቤታችን የሆነችውን ጠጠር አነሡና «እዚህ የዘነበውንስ ማን ይለካል?» አሉ። የሚለካ የለም። የዝናብ መለኪያ እኔው ላቆም አስቤያለሁ፤ ከዛፍና ከቤት ስንት ሜትር መራቅ አለበት?