ኤሲው ጋዝ አልይዝ አለኝ፤ ጎንደር ያላችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። የምነዳው ኮሮላ ነው፤ ከጎንደር መተማ እመላለሳለሁ። ከተማ ውስጥ መስኮት መክፈት ይበቃል። አይከልን አልፋችሁ ወደ ገንዳ ውሃ ስትወርዱ ግን ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ባለፈው እናቴን ለሕክምና ሳመጣት እህቴ መንገዱን ሙሉ ፊቷን በእርጥብ ፎጣ ስታብስላት ነበር። አንጀቴን በላችኝ።

ነገሩ የጀመረው ከፊት ትንሽ ከተጋጨሁ በኋላ ነው። ጋዝ ሁለት ጊዜ አስሞላሁ፤ አር 134 ኤ ነው። በአራት በአምስት ቀን ውስጥ አለቀ። በባትሪ አብርቼ ሳየው ኮንደንሰሩ (ከፊት ያለው፣ ጋዙን የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር መሳይ ዕቃ) ታችኛው ጥግ ላይ ዘይት ወዝቶበት አቧራ የያዘ ቦታ አገኘሁ። ጋዝ እንደተሞላ የሳሙና አረፋ ስቀባው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ማፍሰሻው እሱ ነው።

አንዱ መካኒክ «አሉሚኒየም ይበየዳል» አለኝ። ሌላው ይቀየር ባይ ነው። ሁለቱም ግን ጋዝ ሲሞሉ አየሩንና እርጥበቱን በቫኪዩም ፓምፕ አልሳቡም። ይሄ ያሳስበኛል፤ እርጥበት ከገባ ጋዙን የሚጨምቀውን ኮምፕሬሰሩንም ይበላዋል።

አስበይዳችሁ የቆየላችሁ አላችሁ? እርጥበት የሚይዘው ማጣሪያ፣ ድራየሩስ አብሮ መቀየር አለበት? አዘዞም ይሁን ፒያሳ አካባቢ ቫኪዩም ማሽን ያለው ባለሙያ የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። እናቴን በሚቀጥለው ሳምንት መመለስ አለብኝ።