ክርክር፦ አገሮች በ1936 በርሊን ኦሊምፒክ መሄድ ነበረባቸው ወይስ መቅረት?

የአራት ኪሎው፦ ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሂትለር በርሊን ላይ ኦሊምፒክ ሲያዘጋጅ አይሁዳውያን ስፖርተኞች ከየክለባቸው ከተባረሩ 3 ዓመት አልፏቸው ነበር። ቴኒስ ተጫዋቹ ዳንኤል ፕሬን በ1933 ዴቪስ ካፕ ከሚባለው የአገሮች የቴኒስ ውድድር የጀርመን ቡድን ተሰርዞ እንግሊዝ ገባ። ዓለም ይህን እያወቀ መሄዱ ልክ ነበር? እኔ አልነበረም ባይ ነኝ።

ሯጭ ነበርኩ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህን ጥያቄ በቀላሉ የሚመልሰው ስፖርተኛ ያልሆነ ሰው ነው። የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን የዘር መድልዎ ወደነገሠባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ተጫወተ ተብሎ በ1976 ሞንትሪያል ላይ ሳንሮጥ ቀረን። ምሩጽ ይፍጠር 4 ዓመት ጠበቀ። በላይነህ ዲንሳሞ ደግሞ ሚያዝያ 1988 ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2:06:50 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በዚያው ዓመት ሴኡል ኢትዮጵያ አልሄደችም። በጎ አድራጊው መንግሥት፣ ከፋዩ ሯጩ! አሜሪካ በርሊን ባትሄድ ጥቁሩ ሯጭ ጄሲ ኦወንስ 4 ወርቁን ከየት ያመጣ ነበር? ሂትለርን ያሳፈረው እኮ የእሱ እግር ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ አሳፈረው የሚለው ጥሩ ወሬ ነው። በሜዳሊያ አንደኛ የወጣችው ግን ጀርመን ናት፣ በ33 ወርቅ። ለእንግዶቹ ሲባል «አይሁድ አይገባም» የሚሉት ሰሌዳዎች ከየመንገዱ ተነሱ፣ እንግዳው ተደስቶ ተመለሰ።

ጥያቄ አለኝ፦ ከጀርመን ወገን የተሰለፈ አይሁዳዊ ጭራሽ አልነበረም?

የአራት ኪሎው፦ በበጋው ጨዋታ አንዲት ነበረች፦ አባቷ አይሁዳዊ የሆኑት የሻሞላ ተጋጣሚዋ ሄለነ ማየር። የብር ሜዳሊያ አግኝታ መድረኩ ላይ በናዚ ሰላምታ እጇን ዘረጋች። ለምን እንዳደረገችው ዛሬም ያከራክራል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የከፍታ ዘላይዋ የግሬተል በርግማን ነገር ነው። ላውፕሃይም የምትባል ትንሽ ከተማ ልጅ ናት። በ1933 ኡልም ያለው ክለቧ አባረራት፣ እንግሊዝ ሄደች፣ በ1934 የብሪታንያ ሻምፒዮን ሆነች። ከዚያ ጀርመኖች ተመለሽ አሏት፤ ቤተሰቧ በእጃቸው ነውና ምን ትበል? ተመለሰች። ጨዋታው ሊጀመር አንድ ወር ያህል ሲቀረው ሽቱትጋርት ላይ 1 ሜትር ከ60 ዘለለች፣ የጀርመንን ክብረ ወሰን እኩል ያዘች። የአሜሪካ ቡድን መርከብ ሐምሌ 15 ከኒውዮርክ ተነሳ። በማግስቱ፣ ሐምሌ 16፣ ደብዳቤ ተጻፈላት፤ ብቃትሽ አያስተማምንም፣ አልተመረጥሽም ይላል። ማካካሻ ብለው ቆማ የምታይበት ትኬት ሰጧት፤ መጓጓዣና ማደሪያ አይጨምርም! ከታች «ሃይል ሂትለር» የሚለው የናዚ ሰላምታ።

ጥያቄ አለኝ፦ መርከቡ በተነሳ በማግስቱ??

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ አዎ፣ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሯጭ ወንድሜ፣ እስቲ ልብ በል። ለምን ከእንግሊዝ መለሷት? አሜሪካ አንሄድም እንዳትል ነዋ። «ይኸው አይሁዳዊት አለችን» ለማለት። የአሜሪካ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት አቬሪ ብሩንዴጅ በ1934 ጀርመን ሄደው አይተው ችግር የለም ብለው ተመለሱ፤ በ1935 መጨረሻ የአሜሪካ አማተር አትሌቲክስ ማኅበር ነገሩን ድምፅ ሲሰጥበት «እንሂድ» ያሸነፈው በጥቂት ድምፅ ነው። እስከዚያች ሐምሌ ድረስ ልጅቷን ቡድኑ ውስጥ ያቆያት የ«እንቀራለን» ዛቻ ነበር። መርከቡ ተነሳ፣ ዋጋዋ አለቀ።

ሯጭ ነበርኩ፦ ይህን አላውቅም ነበር፣ እቀበላለሁ። ግን እህቴ፣ ሸክሙ ዞሮ ዞሮ ስፖርተኛው ላይ ነው የምለው አልፈረሰም። የኦስትሪያዋ ዋናተኛ ዩዲት ዶይች በራሷ ፈቃድ በርሊን አልሄድም አለች። የገዛ አገሯ ፌዴሬሽን አገዳት፣ ውጤቷን ፋቀው። ወደ ፍልስጥኤም ተሰደደች፤ ውጤቷ የተመለሰላት በ1995 ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ብቻዋን ስለቀረች እኮ ነው! አገሮች ቢቀሩ ማን ያግዳታል? የሄዱትስ ምን አገኙ? ማርቲ ግሊክማንና ሳም ስቶለር፣ ሁለቱም አይሁዳውያን፣ በ4 በ100 ዱላ ቅብብል ሊሮጡ ተለማምደው ውድድሩ ቀን ጠዋት ተቀየሩ። ግሊክማን 18 ዓመቱ ነበር።

ሯጭ ነበርኩ፦ እሱ ያማል። እኔንም አንድ ጊዜ ስሜ ከዝርዝር ጠፋ፤ ቦርሳዬን አዘጋጅቼ፣ ጫማዬን አጥቤ ጣራ ላይ አስጥቼ ነበር። ጫማውን ሁለት ቀን አላወረድኩትም።

ጥያቄ አለኝ፦ ግሬተል መጨረሻዋ ምን ሆነ?

የአራት ኪሎው፦ በ1937 አሜሪካ ገባች። ይዛ እንድትወጣ የተፈቀደላት 10 ማርክ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆነች፣ በ1938ም ደገመች። ሐኪም አግብታ ማርጋሬት ላምበርት ተባለች፤ ጀርመን ዳግም አልረግጥም ብላ ምላ ነበር። በ1999 የላውፕሃይም ስታዲየም በስሟ ሲጠራ ግን ሄደች። በ2009 ክብረ ወሰኗን መዝገብ ላይ መለሱላት፤ በ2017 በ103 ዓመቷ ኒውዮርክ አረፈች።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ከ73 ዓመት በኋላ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

የአራት ኪሎው፦ እሱን እንኳ አልስማማም። እሷ ራሷ የሄደችው ወጣቶቹ የስታዲየሙን ስም አይተው «ማን ነበረች?» ብለው እንዲጠይቁ ብላ ነው።

ሯጭ ነበርኩ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በርሊን ላይ ወርቁ በስንት ተወሰደ?

የአራት ኪሎው፦ በ1 ሜትር ከ60። ሦስት ሴቶች እኩል ወጥተው በተጨማሪ ዝላይ የሃንጋሪዋ ኢቦያ ቻክ ወሰደች። እሷም አይሁዳዊት ናት።

ሯጭ ነበርኩ፦ የግሬተልን ቦታ ታዲያ ለማን ሰጡት?

የአራት ኪሎው፦ ለማንም። ሦስት ማሰለፍ ሲችሉ ሁለት አሰለፉ።